ስለ ቀደምት የሮክ ኤንድ ሮል ሙዚቀኞች ዲጂታል ትረካ እንዴት ይሠራል? ከርዕስ መረጣ እስከ መጨረሻው ፋይል

ስለ ቸክ ቤሪ፣ ስለ ሊትል ሪቻርድ ወይም ስለ ሮዜታ ታርፕ የሦስት ደቂቃ ዲጂታል ትረካ (በራስ ድምፅ፣ በምስልና በሙዚቃ የሚነገር አጭር ቪዲዮ) ሥሩ የተባሉ ተማሪዎች የሚቸገሩት ሶፍትዌሩ ላይ አይደለም። ኤዲት ማድረጉንማ ከእኛ ከትልልቆቹ በላይ ያውቁበታል። የሚሳሳቱት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ከኢንተርኔት ሃያ ፎቶ ያወርዳሉ። ከሥሩ ታዋቂ ዘፈን ይለቁበታል። መጨረሻ ላይ "በዚህ ዓመት ተወለደ፣ በዚህ ዓመት ሞተ" የሚል ንባብ ይጭኑበታል። ሥራው የመታወቂያ ወረቀት እንደማንበብ ይሆናል። ተመልካቹ ሙዚቀኛውን ሳያውቀው ቪዲዮው ያልቃል።

እዚህ የምትሠሩት በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ አንድ ቅጽበት፣ ቀጥሎ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ድምፅ፣ ከዚያ ምስል፤ ሙዚቃ መጨረሻ ላይ ይገባል። አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትለፉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ ነገር ብዙ አይደለም። ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፅ ማስተካከያ (ኦዳሲቲ በነጻ ይገኛል)፣ ቪዲዮ ማቀናበሪያ (ካፕካት ወይም ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይበቃል)።

አሁኑኑ አንድ ፎልደር ክፈቱ። ውስጡ አምስት ንዑስ ፎልደር አድርጉ፦ ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ምስል፣ ሙዚቃ፣ ፕሮጀክት። ከዚህ በኋላ የምታወርዱት ነገር ሁሉ ቦታው ይኸው ነው። ኤዲት ከጀመራችሁ በኋላ ፋይሎቹን ከቦታቸው አታንቀሳቅሱ፣ ስማቸውንም አትቀይሩ። በማስረከቢያው ዋዜማ ምስሎቹ ጠፍተው ቀይ ሳጥን ብቻ የሚታያቸው ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያደረጉ ናቸው።

በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ተራኪው አንድ ሰው ይሁን። አራት ልጆች እየተቀባበሉ ሲያነቡ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ታሪኩም ይቆራረጣል።

ደረጃ 1፦ ሰው ሳይሆን ቅጽበት ምረጡ

በሦስት ደቂቃ የሰው ሕይወት አይተረክም። አንድ ምሽት ግን ይተረካል። የምትመርጡት ቅጽበት ሦስት ነገር ያሟላ፦ የሚታወቅ ቦታ፣ የሚታወቅ ጊዜ፣ እና በዚያ ጊዜ የተለወጠ ነገር።

ለመነሻ የሚሆኑ ጥቂቶቹ እነሆ (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፦

- ጁላይ 5 ቀን 1954፣ ሜምፊስ። ኤልቪስ ፕሪስሊ በሳን ስቱዲዮ ሲቀዳ ይመሻል፣ ሥራው አልሳካ ይላል። በእረፍት መሃል እንደ ቀልድ የጀመሩት የአርተር ክሩዳፕ የቆየ ዘፈን የስቱዲዮውን ባለቤት የሳም ፊሊፕስን ጆሮ ይስባል።
- 1955፣ ቺካጎ። ቸክ ቤሪ ከሴንት ሉዊስ ይመጣል። የብሉዝ ዘፋኙ መዲ ወተርስ ወደ ሸክላ አሳታሚው ቼስ ሪከርድስ ይልከዋል።
- 2005፣ ኒው ኦርሊንስ። ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ ዘፋኙና ፒያኖ ተጫዋቹ ፋትስ ዶሚኖ ሞቷል ተብሎ ይወራል። እሱ ግን ከነቤተሰቡ በጀልባ ከቤቱ ወጥቶ ተርፏል።
- 1947፣ ሜከን፣ ጆርጂያ። የ14 ዓመቱ ሪቻርድ ፔኒማን፣ የኋላው ሊትል ሪቻርድ፣ በከተማው አዳራሽ ኮካ ኮላ ይሸጣል። የዚያን ምሽት የምትዘምረው ሮዜታ ታርፕ ናት። እሱ መዝሙሯን ሲዘምር ትሰማውና መድረክ ላይ ትጋብዘዋለች።

የመጨረሻውን እስከ ፍጻሜው ምሳሌ አድርገን እንሠራበታለን። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉም ለተማሪ የሚስማማው እሱ ነው። ባለታሪኩ በእናንተው ዕድሜ ያለ ልጅ ነውና።

ማስጠንቀቂያ፦ ዘፋኙ ቡዲ ሆሊ የሞተበትን የአውሮፕላን አደጋ (ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1959) ሁሉም ተማሪ ይመርጠዋል። አትምረጡት አልልም። ከመረጣችሁት ግን ከአደጋው ጀምራችሁ ወደ ኋላ አትተርኩ፤ ተመልካቹ ያውቀዋል።

*ቅጽበት ካጣችሁ*፦ ሙዚቀኛውን አትቀይሩ። "የመጀመሪያውን ሸክላ የቀዳው የት ነው? ያን ቀን አብሮት ማን ነበር? ከዚያ በፊት እንጀራው ምን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ቸክ ቤሪ የሴቶች ፀጉር ሥራ ተምሮ ሠርቶበታል። ሊትል ሪቻርድ በሜከን አውቶቡስ ጣቢያ ሳህን ያጥብ ነበር። ቅጽበቶች የሚገኙት እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ደረጃ 2፦ እያንዳንዱን መረጃ አጣሩ

ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጁ፦ መረጃው፣ ከየት አገኘሁት፣ ሁለተኛ ምንጭ። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ የሆነ መረጃ ስክሪፕት ውስጥ አይገባም። ሁለት ድረ-ገጾች አንዱን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ከጻፉ ደግሞ ሁለት ምንጭ አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው ቀድቷል ማለት ነው።

በተለይ አራት ነገር ላይ ጠንቀቅ በሉ።

*ዕድሜ።* ራሳችሁ አስሉት። ሊትል ሪቻርድ የተወለደው ዲሴምበር 5 ቀን 1932 ነው። በ1947 መኸር ላይ 15 አይደለም፣ 14 ነው። ዓመት ከዓመት ብቻ የሚቀንስ ሰው እዚህ ይሳሳታል።

*"የመጀመሪያው" የሚለው ቃል።* የመጀመሪያው የሮክ ኤንድ ሮል ሸክላ የትኛው እንደሆነ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም አልተስማሙም። አንዱ የፋትስ ዶሚኖን የ1949 ቅጂ ይጠራል። ሌላው በ1951 ሜምፊስ ውስጥ የተቀዳውን የአይክ ተርነር ባንድ ሥራ ይላል። ሌላው ደግሞ ወደ ሮዜታ ታርፕ የ1940ዎቹ ሸክላዎች ይሄዳል። "የመጀመሪያው" አትበሉ፤ "ከቀደሙት አንዱ" በሉ።

*የተነገረ ታሪክ።* የሜከኑን ምሽት በዋናነት የምናውቀው ራሱ ሊትል ሪቻርድ ስለነገረን ነው። ስለዚህ ስክሪፕታችሁ ውስጥ አንድ ቦታ "እሱ እንደተረከው" የሚል ይግባ። ሁለት ቃል ናት፤ አስተማሪ ግን ወዲያው ያያታል።

*የዘመን አቆጣጠር።* ምንጮቻችሁ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በአማርኛ ስትጽፉ "እ.ኤ.አ." ጨምሩበት ወይም መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ አሳውቁ። "በ1947 ዓ.ም." ብላችሁ ከጻፋችሁ አገር ቤት ያለች አያታችሁ ታሪኩን ሰባት ስምንት ዓመት ታዘገየዋለች።

ስለ ዘር መለያየት የምታገኙትን አትሸፋፍኑ። በ1947 ጆርጂያ ውስጥ ጥቁርና ነጭ በሕግ የተለያዩ ነበሩ። ቢልቦርድ መጽሔት እንኳን የጥቁሮችን ሙዚቃ ደረጃ ሰንጠረዥ "ሬስ" (ዘር) እያለ ይጠራ ነበር፤ "ሪዝም ኤንድ ብሉዝ" ያለው በ1949 ነው። አሮጌ ጋዜጣ ላይ የሚያዋርድ ቃል ካጋጠማችሁ ደግሞ ከመድገማችሁ በፊት አስተማሪያችሁን አማክሩ።

ደረጃ 3፦ ስክሪፕቱን ጻፉ

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ለዚህ ስጡ። ስክሪፕቱ ደካማ ከሆነ ምንም ዓይነት ኤዲት አያድነውም።

1. ታሪኩን ለጓደኛችሁ በቃል ንገሩት። ወረቀት አትያዙ። ስልካችሁ ይቅዳችሁ።
2. የተቀዳውን ሰምታችሁ ጻፉት። አፋችሁ ላይ የመጣው ቋንቋ ከጽሑፍ ቋንቋችሁ ይሻላል።
3. ወደ 250 ቃል ገደማ አሳጥሩት። ረጋ ብሎ ለሚያነብ ሰው ይህ ሁለት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ይፈጃል። ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡና በሰዓት ለኩት።
4. ረጅም ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይቆረጥ። በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ ለሁለት ይከፈል።
5. እያንዳንዱ አንቀጽ አጠገብ ምን እንደሚታይ በአንድ መስመር ጻፉ። ምስል ግን ገና አትፈልጉ።

አሁን ምሳሌውን እንየው። ብዙ ተማሪ እንዲህ ይጀምራል፦

"ሊትል ሪቻርድ በ1932 በሜከን ጆርጂያ የተወለደ ታላቅና ዝነኛ የሮክ ኤንድ ሮል ሙዚቀኛ ሲሆን በዓለም ሙዚቃ ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ ያሳደረ ሰው ነው።"

ውሸት የለበትም። ግን ምንም አይታይም። "ታላቅ"፣ "ዝነኛ"፣ "ከፍተኛ ተጽዕኖ" የሚሉት ለማንም ዘፋኝ ይሆናሉ። ቁረጧቸው። ይህን ደግሞ ተመልከቱ፦

"1947፣ ሜከን፣ ጆርጂያ። ሪቻርድ 14 ዓመቱ ነው። በከተማው አዳራሽ ኮካ ኮላ ይሸጣል። ዛሬ ማታ የምትዘምረው ሮዜታ ታርፕ ናት፤ ጊታር ይዛ የምትዘምር ሴት። ሪቻርድ መዝሙሮቿን በቃሉ ያውቃቸዋል። ዝግጅቱ ሳይጀመር መዘመር ይጀምራል። እሷም ትሰማዋለች። እሱ እንደተረከው፣ መድረክ ላይ ጋበዘችው፤ ሲጨርስም ከፈለችው።"

እዚህ ላይ ልጁ ይታያል፣ ጠርሙሱ ይታያል፣ ድምፁ ይሰማል። ከዚህ በኋላ ወደ ሴፕቴምበር 1955፣ ወደ ኒው ኦርሊንስ ስቱዲዮ ዝለሉ። ስሙን ያስጠራው ሸክላ እዚያ ተቀዳ። በመሃል ያለውን ስምንት ዓመት መሙላት የለባችሁም።

መጨረሻው ላይ የራሳችሁ ድምፅ ይኑር። ይህ ታሪክ ለምን እናንተን ነካ? እናንተንስ ያልጠበቃችሁት ሰው ሰምቷችሁ ያውቃል? ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ዲጂታል ትረካን ከዶክመንተሪ የሚለየው ይህ የተራኪው መኖር ነው። "ስለዚህ ሁላችንም ህልማችንን መከተል አለብን" ብላችሁ ግን አትጨርሱ።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ በሙዚቀኛ አፍ ንግግር አትፍጠሩ። ሮዜታ ለልጁ ምን እንዳለችው ምንጭ ከሌላችሁ "ጋበዘችው" ብላችሁ ተዉት። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የሚገባው በእርግጥ የተባለ ነገር ብቻ ነው።

*ስክሪፕቱ አልሰበሰብ ካለ*፦ መካከለኛውን አንቀጽ አውጡና ያለ እሱ አንብቡት። ታሪኩ ካልጎደለ ያ አንቀጽ አያስፈልግም ነበር።

ደረጃ 4፦ ድምፃችሁን ቅዱ

ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል። የተበላሸ ድምፅ ግን አይታገሥም፤ ያጠፋዋል።

ቦታው ልብስ የተሰቀለበት ቁም ሣጥን አጠገብ ወይም አልጋና መጋረጃ ያለበት ትንሽ ክፍል ይሁን። ሳሎን፣ ኩሽና፣ ባዶ መማሪያ ክፍል ያስተጋባሉ። ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። መስኮት ዝጉ፣ ማራገቢያ አጥፉ።

1. ማይኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን። "ፕ" እና "ጰ" እንዳይፈነዱ ይረዳል።
2. ምንም ሳትናገሩ አሥር ሰከንድ ቅዱ። ይህ ዝምታ በኋላ ይጠቅማችኋል።
3. በሙሉ ድምፅ አንድ አንቀጽ ሞክሩ። መለኪያው ከፍ ባለበት ቦታ ከ-12 እስከ -6 ዲሲብል መካከል ይሁን። ዜሮን ከነካ ድምፁ ተሰንጥቋል፤ ማንም አያስተካክለውም፣ ድገሙት።
4. አንቀጽ በአንቀጽ ቅዱ። ስትሳሳቱ አታቁሙ። አንድ ጊዜ አጨብጭቡና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ድገሙ። ጭብጨባው በድምፅ ሞገዱ ላይ ረጅም መስመር ሆኖ ስለሚታይ የሚቆረጠውን ቦታ በቀላሉ ታገኙታላችሁ።
5. በዌቭ ፋይል አስቀምጡ። ዋናውን አትንኩ፤ በቅጂው ሥሩ።

ሹሹታ ካለው ኦዳሲቲ ላይ ያንን የአሥር ሰከንድ ዝምታ ምረጡ፣ "ኖይዝ ሪዳክሽን" ውስጥ ገብታችሁ "ጌት ኖይዝ ፕሮፋይል" በሉ። ከዚያ ሙሉውን ድምፅ መርጣችሁ በ12 ዲሲብል አስኬዱት። ከዚያ በላይ ስትጨምሩ ድምፃችሁ ከውኃ ውስጥ እንደሚመጣ መሆን ይጀምራል።

*ንባቡ ደረቅ ከሆነ*፦ ወረቀቱን አስቀምጡ። ጓደኛችሁ ፊት ለፊት ይቀመጥ፣ ለእሱ ንገሩት። ሁለት ቃል ቢለወጥ ችግር የለውም።

*ድምፁ የሚያስተጋባ ከሆነ*፦ በሶፍትዌር ለማስወገድ ጊዜ አታጥፉ። ብርድ ልብስ ተከናንባችሁ እንደገና ቅዱ። ያስቃል፤ ግን ይሠራል።

ደረጃ 5፦ ምስል ሰብስቡ

አሁን ገና ነው ምስል የምትፈልጉት። ለሁለት ደቂቃ ተኩል ከ15 እስከ 20 ምስል በቂ ነው።

የመጀመሪያ ማረፊያችሁ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ-ገጽ ይሁን። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥት ፎቶ አንሺዎች ደቡቡን የአሜሪካ ክፍል ዞረው ያነሷቸው ብዙ ሺህ ፎቶዎች እዚያ አሉ። የጥጥ ማሳ፣ የሜምፊሱ ቢል ስትሪት፣ የጆርጂያ ገጠር፣ የአውቶቡስ ጣቢያ፣ ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ። ፎቶው ሥር "ራይትስ አድቫይዘሪ" የሚለውን መስመር አንብቡ። የታወቀ ገደብ የለም ካለ ተጠቀሙበት። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይም እንዲሁ ፈቃዱን ሳታዩ አታውርዱ።

ያወረዳችሁትን ወዲያውኑ ሰይሙ፦ ቁጥር፣ የሚታየው ነገር፣ ዓመት፣ ምንጭ። "ኢሜጅ 47" የሚባል ፋይል ከሁለት ቀን በኋላ ከየት እንደመጣ አታስታውሱም። ስፋቱ ከ1920 ፒክሰል ያነሰ ምስል ሙሉ ስክሪን ላይ ይደበዝዛል።

የዚያች የሜከን ምሽት ፎቶ ባታገኙ አትደንግጡ። ራሳችሁ ፍጠሩ። ጠረጴዛ ላይ ያለ አንድ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ከቅርብ አንሱ። የትምህርት ቤታችሁን ባዶ መድረክ ከበሩ ቆማችሁ አንሱ። ከአርካንሳስ ኮተን ፕላንት፣ ሮዜታ ከተወለደችበት፣ እስከ ሜከን የሚዘልቅ ካርታ በእጃችሁ ሳሉ። እኔ ከማንኛውም የታወቀ ፎቶ ይልቅ የተማሪ እጅ የሳለው ካርታ ይበልጥብኛል።

አታድርጉ፦ የእውነተኛ ሰው "ፎቶ" በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አታሠሩ። ያልነበረ ምሽት የነበረ ይመስላል፣ ከሌላው እውነታችሁ ጋርም ይቀላቀላል። ሥዕል ከሆነ ሥዕል መሆኑ ይታወቅ። ሌላው ስህተት የሌላ ሰው ፎቶ ማስገባት ነው። የምስል ፍለጋ ውጤት የሚሰጣችሁ ሰው ሁልጊዜ የጠራችሁት አይደለም። የፎቶው ዋና ገጽ ገብታችሁ መግለጫውን አንብቡ።

ደረጃ 6፦ አቀናብሩ

መጀመሪያ ድምፁን ብቻ ታይምላይን ላይ አስቀምጡ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡት። ትንፋሽ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ አንድ ሁለት ሰከንድ ዝምታ ክፈቱ። "እሷም ትሰማዋለች" ካለ በኋላ ለምሳሌ ሙሉ ሁለት ሰከንድ ይገባዋል።

ከዚያ ምስሎቹን ከ6 እስከ 10 ሰከንድ እያደረጋችሁ አስቀምጡ። ቃሉ የሚለውን ያንኑ አታሳዩ። "ኮካ ኮላ ይሸጣል" ሲባል ጠርሙሱ ይታይ፤ "መዘመር ይጀምራል" ሲባል ግን ባዶው መድረክ ይሻላል። ተመልካቹ ልጁን ራሱ ያስቀምጥበት።

ዙም ቀስ ያለ ይሁን፣ ከ100 ወደ 108 ፐርሰንት ያህል። የሚሽከረከር፣ የሚፈነዳ፣ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ መሸጋገሪያ አትጠቀሙ። ተራ ቁርጥ ይበቃል።

*የአማርኛ ጽሑፉ ሳጥን ሳጥን ከሆነ*፦ ፎንቱ ግዕዝ ፊደል አይችልም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጫኑ፣ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። አሁንም እምቢ ካለ ጽሑፉን በሌላ ፕሮግራም ጽፋችሁ እንደ ምስል አስገቡት።

ደረጃ 7፦ ሙዚቃ፣ እና ሕጉ

ብዙ ሰው "አሮጌ ዘፈን ስለሆነ ነጻ ነው" ይላል። አይደለም። በአሜሪካ በ2018 የወጣው የሙዚቃ ሕግ እንደሚለው ከ1947 እስከ 1956 የወጡ የድምፅ ቅጂዎች ለ110 ዓመት ይጠበቃሉ። በ1955 የወጣ የቸክ ቤሪ ሸክላ እስከ 2065 መጨረሻ የባለቤቱ ነው። የዘፈኑ ግጥምና ዜማም ራሱን የቻለ ሌላ መብት አለው።

ለትምህርትና ለትችት አጭር ቁራጭ መጠቀምን ሕጉ ሊፈቅድ ይችላል፤ ግን ስንት ሰከንድ ብሎ አልወሰነም። ስለዚህ ከዘፈን የምትወስዱ ከሆነ የምትናገሩለትን ቦታ ብቻ ውሰዱ፤ ከሥር እንዲያጅብ ብላችሁ ሙሉውን አትልቀቁ። ክፍል ውስጥ ማሳየትና ዩቲዩብ ላይ መጫን ደግሞ አንድ አይደሉም።

የተሻለው መንገድ ራሳችሁ መጫወት ነው። ጊታር ወይም ኪቦርድ የሚነካካ ልጅ ከመካከላችሁ አይጠፋም። የ12 ባር ብሉዝ አካሄድ (ባር ማለት ብዙውን ጊዜ አራት ምት ያለው አንድ የሙዚቃ ክፍል ነው) የማንም ንብረት አይደለም። በኤ ኮርድ አራት ባር፣ በዲ ሁለት፣ በኤ ሁለት፣ በኢ አንድ፣ በዲ አንድ፣ በኤ ሁለት። ቀዳሚዎቹ የሮክ ኤንድ ሮል ሰዎች የቆሙበት መሠረት ይኸው ነው። አንድ ዙር ቅዱትና አንዱን ቦታ ብቻ አጅቡበት።

ሙዚቃው ከድምፃችሁ ከ18 እስከ 20 ዲሲብል ዝቅ ይበል። በጆሮ ማዳመጫ ጥሩ የመሰለ በስልክ ድምፅ ማጉያ ቃሉን ሊውጠው ይችላል። በሁለቱም ስሙት።

ደረጃ 8፦ አውጡና አስረክቡ

መጨረሻው ላይ የምስሎቹን፣ የሙዚቃውንና የመረጃውን ምንጭ ለማንበብ በሚበቃ ፍጥነት አሳዩ። ኤክስፖርት በኤምፒ4፣ 1080 ጥራት፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ይሁን።

ከዚያ ታሪኩን የማያውቅ ሰው በስልኩ ይየው። ምንም ሳትነግሩት "ምን ሆነ?" ብላችሁ ጠይቁት። "ስለ አንድ ዘፋኝ ነው" ካለ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። "አንድ ልጅ ለስላሳ ሲሸጥ ዘፋኟ ሰማችውና..." ብሎ ከጀመረ አስረክቡ።

ዩቲዩብ ላይ ጭናችሁ የባለቤትነት ጥያቄ ከመጣባችሁ ቶሎ ብላችሁ አትከራከሩ። መጀመሪያ የትኛው ሰከንድ ላይ እንደሆነ እዩ። ጥያቄው የመጣው ከሙዚቃው ከሆነ ያንን ቦታ በራሳችሁ የ12 ባር ቅጂ ተክታችሁ እንደገና ጫኑ። ነጥባችሁ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ሙሉውን ፎልደር በሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ኮምፒውተራችሁ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ወይም ጉግል ድራይቭ ላይ።